ከለንደን ወጣ ብሎ መቅመስ፦ ወላጆቿን ወደ እንግሊዝ ገጠር ለምትወስድ እህት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ለንደን ነው የምኖረው። እናቴና አባቴ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ አንድ ወር ይቆያሉ። መኪና ተከራይቼ ለአምስት ቀን ወደ ገጠር ልወስዳቸው አስቤአለሁ። የአገሩን የራሱን ምግብና መጠጥ ቢቀምሱ ደስ ይለኛል። ሁለቱም አሳማ አይበሉም፤ እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ አባቴ ቢራ ይወዳል። በየት በኩል ልሂድ? ምን ላብላቸው? ምንስ ልጠንቀቅ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ በምዕራብ እንግሊዝ የገጠር ፐቦች (ምግብም የሚያቀርቡ መጠጥ ቤቶች) ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት አብስያለሁ፤ አሁን ሥራዬ እንግዶችን ይዞ ከእርሻ እርሻ መዞር ነው። ወገኖቻችን «የእንግሊዝ ምግብ ጣዕም የለውም» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ይቆጨኛል። አብዛኛው ሰው የቀመሰው አውራ ጎዳና ዳር የሚሸጠውን የታሸገ ሳንድዊች ነውና። የዚህ አገር ደህና ምግብ በቦታው ስም ነው የሚጠራው። የሸኖ ቅቤ ሲባል እናትሽ ሌላ ማብራሪያ እንደማያስፈልጋቸው ሁሉ፣ እዚህም ሰው የሶመርሴት ቼዳር፣ የዴቨን ክሬም፣ የኮርንዋል ፓስቲ ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ስሙ ወደሚጠራበት ቦታ ሄዶ መብላት ነው ዋናው።

ስለዚህ በአምስት ቀን አገሩን ሁሉ ለማዳረስ አትሞክሪ። ምዕራቡን ያዢ፦ ሶመርሴት፣ ዴቨን፣ ኮርንዋል። ምክንያቴ የእናንተው ጥያቄ ነው። መሐል አገሩና ሰሜኑ ስም ካወጡባቸው ምግቦች ብዙዎቹ አሳማ ናቸው። በሌስተርሻየር የሚሠራው የሜልተን ሞውብሬይ ፓይ አሳማ ነው፤ ተጠምዝዞ የሚቀርበው የካምበርላንድ ቋሊማ አሳማ ነው፤ የቤሪ ከተማ ጥቁር ፑዲንግ ደግሞ የአሳማ ደም ነው። ምዕራቡ ግን የወተት አገር ነው። ዝናቡ አይጠፋም፣ ክረምቱ ለዘብ ይላል፣ ሣሩ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ የሚኮሩበትም ነገር ከዚያ ሣር የሚወጣው ነው።

ቀኑን ደግሞ ከወዲሁ አስተካክዪ። ወላጆችሽ ሲደርሱ ፍልሰታ ገብቷል፤ ነሐሴ 16 ሲፈታ በዚህ አቆጣጠር ኦገስት 22 ነው። በማግሥቱ ግን እንዳትነሡ። የኦገስት መጨረሻ ሰኞ የሕዝብ በዓል ነው፤ ትምህርት ቤትም ገና ስላልተከፈተ ወደ ኮርንዋል የሚወስደው መንገድ በመኪና ይጨናነቃል፣ ማደሪያውም ዋጋው ይንራል። ሴፕቴምበር ገብቶ አንድ ሳምንት ሲሆነው ሁሉም ይበርዳል። ቅዳሜ ተነሥታችሁ ረቡዕ ብትመለሱ ከጾም ቀን የሚነካችሁ የመመለሻው ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ከተነሣችሁ ሦስት ሰዓት ያህል ነድታችሁ ቼዳር ትደርሳላችሁ። በዓለም ሱፐርማርኬት ሁሉ የሚሸጠው ቺዝ ስሙን ያገኘው ከዚህች የሶመርሴት መንደር ነው። መንደሯ ከገደላማ ሸለቆ ሥር ናት፤ በገደሉ ውስጥ ያሉት ዋሻዎች ቅዝቃዜያቸው ክረምት ከበጋ እምብዛም ስለማይለዋወጥ ቺዝ ይበስልባቸዋል። ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ በ1170 እ.ኤ.አ. ከዚህ ቺዝ 10,240 ፓውንድ እንደገዛ በቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ የምናውቀውን አሠራር መልክ ያስያዘው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሶመርሴቱ ገበሬ ጆሴፍ ሃርዲንግ ነው፤ ሙቀቱን፣ ንጽሕናውንና ሰዓቱን ለክቶ ለሌሎች አስተማረ።

አሠራሩን ቆማችሁ እዩ እላለሁ፤ እናትሽ አይብ ሲያወጡ የኖሩ ከሆነ ግማሹን ያውቁታል። ወተቱ ሞቅ ይደረግና እርሾ ገብቶበት ይረጋል፤ ይቆራረጣል፤ አጓቱ ይወርዳል። ልዩ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። የረጋው ነገር እንደ ጡብ ተቆርጦ አንዱ ባንዱ ላይ ይነባበራል፤ ሠራተኛው ከታች ያለውን ወደ ላይ፣ ከላይ ያለውን ወደ ታች ሲያደርግ ይቆያል። የራሱ ክብደት አጓቱን ይጨምቀዋል። ሲጀመር እጅ ላይ እንደ እርጥብ ስፖንጅ የሚፈርሰው፣ ሲያበቃ እንደ ተቀቀለ የዶሮ ፈረሰኛ በቃጫ በቃጫው ይሰነጠቃል። ከዚያ ይፈጫል፣ ጨው ይገባበታል፣ በመጫኛ ይጨመቃል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወራት ይቀመጣል።

ጨርቁ ላይ ቆም በዪ። በቀድሞው ወግ ጨርቁ ቺዙ ላይ እንዲጣበቅ የሚቀባው የአሳማ ስብ ነው። ጨርቁ ሲበላ ይላጣል፤ ቢሆንም አሳማ ለማይነካ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ሻጩን «ጨርቁ በምን ተቀባ?» ብለሽ ጠይቂ። በቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ያለ ጨርቅ በጥቅል የሚበስለው ደግሞ ጭራሽ ስብ አይነካውም። ጥያቄው አያስቀይማቸውም፤ እንዲያውም ስለ ሥራቸው የሚጠይቅ ሰው ይወዳሉ።

«ቼዳር» የሚለው ስም ብቻውን ጥበቃ የለውም፤ ማንም የትም ሊሠራው ይችላል። «ዌስት ካንትሪ ፋርምሃውስ ቼዳር» የሚል ካየሽ ግን በሶመርሴት፣ በዶርሴት፣ በዴቨን ወይም በኮርንዋል ብቻ ተሠርቶ ቢያንስ ዘጠኝ ወር የበሰለ ነው ማለት ነው። ሻጩ ቆርሶ እንዲያቀምሳችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የዓመቱን፣ ቀጥሎ የሁለት ዓመቱን ቅመሱ። የቆየው ጥርስ ላይ ቅርጭጭ የሚል ትንንሽ ነጭ ቅንጣት አለው። ጨው እንዳይመስላችሁ፤ ሲበስል በራሱ የሚፈጠር ነው፣ የደህና ቺዝም ምልክት ነው።

እሁድ የሳንዴይ ሮስት ቀን ነው። ይህን ምሳ አትዝለሉት፤ እንግሊዞች ቤተሰብ ሰብስበው የሚበሉት ምግብ ይህ ነው። የበሬ ወይም የበግ ጥብስ ከነመረቁ፣ የተጠበሰ ድንች፣ አትክልትና ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት በዱቄት፣ በእንቁላልና በወተት የሚጋገር ባዶ ሆዱ ያበጠ ቂጣ መሳይ ነገር ይቀርባል። ፑዲንግ ቢሉትም ጣፋጭ አይደለም፤ መረቁን የሚጠጣው እሱ ነው። በጉን ምረጡ፤ ሣር የበላ በግ ነው፣ የሚመጣውም ከሚንት ሶስ (የናና ማባያ) ጋር ነው። ከጎኑ ስተፊንግ የሚባል የዳቦና የቅመም ድብልቅ ቢመጣ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ቋሊማ ሥጋ ስለሚገባበት እንዲያስቀሩት ንገሪ። ድንቹ በምን ስብ እንደተጠበሰም ጠይቂ።

የገጠር ፐብ ሥርዓቱ ከከተማ ሬስቶራንት ይለያል። አስተናጋጅ እስኪመጣ ተቀምጠሽ ብትጠብቂ ማንም ላይመጣ ይችላል፤ ባንኮኒው ድረስ ሄደሽ ነው የምታዢው፣ መጠጡንም ራስሽ ትወስጃለሽ። ወጥ ቤቱ ከምሳ በኋላ ይዘጋል፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ ምሳ መጠየቅ በብዙ ቦታ የለም፤ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ሰኞ ጭራሽ የማይከፍቱም አሉ።

አባትሽ ቢራ ይወዳሉ ብለሻል፤ እንግዲህ በጠርሙስ የሚያውቁትን ዓይነት አያዝዙ። እጀታ ባለው ፓምፕ ከመሬት ቤት የሚሳበውን ካስክ ኤል ይዘዙላቸው። ይህ ቢራ በርሜሉ ውስጥ እርሾው አልሞተም፤ እዚያው ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ጋዝ አይጨመርበትም፤ ቅዝቃዜው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ሰው «ሞቅ ያለ፣ አረፋ የሌለው ቢራ» ብሎ የሚያማው ይህን ነው። በጠላ ያደገ አፍ ግን ቶሎ ይለምደዋል፤ የእህሉ ጣዕም ያልተሸፈነ፣ ሆድ የማይነፋ መጠጥ ነው። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ በጥቂት ቀን መጠጣት አለበት፤ ለዚህ ነው ሰው የሚበዛበት ፐብ ቢራው የሚሻለው። በ1960ዎቹ ትልልቅ ጠማቂዎች ወደ ጋዙ ቢራ ሲያዘነብሉ ይህ ወግ ሊጠፋ ነበር፤ በ1971 ካምራ የተባለው የጠጪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ነው የተረፈው። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በግማሽ መጀመር ይቻላል፤ ከመግዛታቸው በፊት ጉንጭ ታህል እንዲያቀምሷቸው ብትጠይቂም ነውር የለውም።

የሶመርሴት ዋናው መጠጥ ግን ሳይደር ነው፤ ከፖም የሚጠመቅ። ፖሙ ለመብላት የሚሆን አይደለም። ዳቢኔት፣ ኪንግስተን ብላክ የሚባሉት ዝርያዎች ጥሬያቸውን ቢነከሱ ምላስ ያኮማትራሉ፤ ያ ምሬት ነው ሳይደሩን አጥንት የሚሰጠው። ፖሙ ተፈጭቶ በጨርቅ እየተጠቀለለ ይደረደራል፣ ከላይ ይጫንበታል፣ ጭማቂው ይወርዳል። ድርድሩን «ቺዝ» ብለው ነው የሚጠሩት። የጭመቃው ወራት ከሴፕቴምበር ይጀምርና በኦክቶበርና በኖቬምበር ይጠናል፤ ስለዚህ እናንተ ስትደርሱ ፖሙን ዛፉ ላይ ሳለ ታዩታላችሁ፣ ቀድሞ የሚደርሰው ከረገፈም መጀመሪያውን ታገኙታላችሁ። የእርሻ ሠራተኛ ድሮ የደመወዙን ከፊል በሳይደር ነበር የሚቀበለው፤ ሕግ የከለከለው በ1887 ነው። እርሻው ድረስ ሄዳችሁ ከእንጨት በርሜል የሚቀዳውን ድፍርስ ስክራምፒ ቅመሱ። በሱፐርማርኬት ጣሳ የሚሸጠውን ጣፋጭ ነገር ለሚያውቅ ሰው ሌላ መጠጥ ነው፦ ደረቅ፣ አረፋ የሌለው፣ መጨረሻው ላይ የፖም ልጣጭ የሚሸት። ሲጠጡት ቀላል ይመስላል እንጂ ጠንካራ ነው፤ ሰባት በመቶ አልኮል ያለው ብዙ ነው። መሪውን የያዝሽው አንቺ ስለሆንሽ አንቺ አትጠጪ። በዕቃ ቀድተው ይሸጣሉ፤ ማታ ማደሪያችሁ ስትገቡ ትቀምሺዋለሽ።

ሰኞ ወደ ዴቨን ተሻገሩ። የክሬም ቲ ቀን ነው፤ ለእናትሽ ይህን ነው ከሁሉ የምመርጥላቸው። ስኮን የሚባል ትንሽ ኬክ መሳይ ዳቦ ለሁለት ይከፈላል፤ የእንጆሪ ማርማላታና ክሎትድ ክሬም ይደረግበታል፤ ሻይ ይቀርባል። ክሎትድ ክሬምን ለእናትሽ ለማስረዳት «ስልባቦት» በያቸው። ክሬሙ በሰፊ ትሪ ላይ ለሰዓታት በዝግታ ይሞቃል፣ ከዚያ ሳይነካ ይቀዘቅዛል፤ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ይረጋል። ከላይ ወርቃማ ቆዳ ይይዛል፤ ማንኪያ ሲገባበት ይሰነጠቅና ከሥሩ ወፍራም፣ ትንሽ ጓል ጓል ያለ፣ የተቀቀለ ወተት የሚሸት ነገር ይወጣል። ቢጫነቱ ላሞቹ ከሚበሉት ሣር ነው። የኮርንዋሉ በ1998 በስሙ ጥበቃ አግኝቷል፤ ቢያንስ 55 በመቶው ስብ መሆን አለበት።

ዴቨን ውስጥ ክሬሙ መጀመሪያ ነው የሚቀባው፣ ማርማላታው ከላይ። ኮርንዋል ሲሻገሩ ማርማላታው መጀመሪያ፣ ክሬሙ ከላይ። ሰዎቹ ነገሩን ከልባቸው ይከራከሩበታል። ሁለቱንም በየቦታው ወግ ሞክሩት፤ እኔ ኮርንዋሎቹ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ክሬሙ ከላይ ሲሆን ምላስ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ስኮኑ ግን ሞቅ ብሎ፣ በዚያው ቀን የተጋገረ መሆን አለበት፤ የትናንት ስኮን ጉሮሮ ያንቃል። ከምሳ በላይ አትደርቡት፤ ምሳውን ራሱን አድርጉት።

ማክሰኞ የታማርን ወንዝ ተሻግራችሁ ኮርንዋል ግቡ። ፓስቲ እዚያ ነው የሚበላው። ከሳምቡሳ ጋር ዘመድ ነው ብሎ ማስጀመር ይቻላል፦ በሊጥ ተጠቅልሎ በእጅ የሚበላ። ልዩነቱ ግን ብዙ ነው። አይጠበስም፣ ይጋገራል፤ አንዱ ብቻውን አንድ ሰው ያጠግባል፤ ውስጡ የሚገባው ሁሉ ጥሬውን ነው። የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ስዊድ የሚባለው ቢጫ ሥራ ሥር (እነሱ ተርኒፕ ይሉታል) ተቆራርጦ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ይታሻል፤ ሊጡ ላይ ይደረጋል፤ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይታጠፍና ጠርዙ በጣት እየተጠመዘዘ ይገመዳል። ጥሩ ጋጋሪ ስትመለከቺ ሁለቱ አውራ ጣቶቿ ፀጉር እንደሚጎነጉኑ ነው የሚሄዱት። ምድጃ ውስጥ በዝግታ ሲበስል የሥጋው መረቅ ድንቹ ውስጥ ይገባል እንጂ አይፈስም። በ2011 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ሲጠብቅለት ደንቡ ተጻፈ፦ በኮርንዋል የተሠራ፣ ጎኑ ላይ የተገመደ፣ ሥጋው ከ12.5 በመቶ፣ አትክልቱ ከ25 በመቶ ያላነሰ። የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ስንቅ ነበር። የኮርንዋል ቆፋሪዎች ወደ ሜክሲኮ ሲሄዱ ይዘውት ስለሄዱ ዛሬም በኢዳልጎ ግዛት «ፓስቴ» እየተባለ ይሸጣል፤ እዚያ ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ ገብቶበታል።

አሁን ጥንቃቄው። ሥጋው የበሬ ቢሆንም ሊጡ በአሳማ ስብ የታሸ ሊሆን ይችላል። ላርድ ይሉታል፤ ይህን አንድ ቃል ያዢ። አንድ ጊዜ እሠራበት በነበረ ወጥ ቤት «የአትክልት» ተብሎ የሚሸጠው ፓይ ሊጡ በላርድ ነበር የሚለወሰው። አንዲት ሙስሊም እናት አዝዛው ሳህኑ ከእጄ ሊወጣ ሲል ነው ያስታወስኩት፤ ወጥቼ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ስንት ሰው ሳይነገረው እንደበላ አላውቅም። በዚህ አገር ሕግ ምግብ ቤት ስለ 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች የመናገር ግዴታ አለበት፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ ሁሉ ከዝርዝሩ አሉ። አሳማ ግን የለበትም። ዝርዝሩን አይተሽ «ምንም አልተጻፈም» ብለሽ አትመኚ፤ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። ዛሬ ብዙ ጋጋሪ በቅቤ ወይም በአትክልት ስብ ነው የሚያሸው፤ የሚያሳፍር መልስ አታገኚም። ስዌት የሚባለው ስብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የበሬ ነው፣ እሱ አያስጨንቃችሁ።

ኮርንዋል ከገባችሁ የባሕሩንም ቅመሱ። ኒውሊን ትልቅ የዓሣ ወደብ ነው፤ የኮርንዋል ሳርዲን በከሰል ተጠብሶ በሎሚ ሲቀርብ ቀላልና ግሩም ነው። ሸርጣንና ኦይስተር በየቦታው ይጋብዟችኋል፤ ወላጆችሽ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበሉ ከሆነ እለፉት። ያርግ የሚባለውን ቺዝ ግን ገዝታችሁ እዩት፤ በሳማ ቅጠል ተሸፍኖ ነው የሚበስለው። ስሙ መጀመሪያ የሸጡት ባልና ሚስት የቤተሰብ ስም፣ ግሬይ፣ በላቲን ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። ለእናትሽ ሳማ በልተው ያውቁ እንደሆን መጠየቅ ነው።

ረቡዕ መመለሻ ነው፤ መንገዱ አምስት ሰዓት ያልፋል። የጾም ምግብ ፍለጋ ድሮ ከባድ ነበር፤ ዛሬ «ቪጋን» የሚለው ቃል ሥራሽን ያቀልልሻል። ቪጋን የተባለ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለበትም፤ የቪጋን ፓስቲ በብዙ የኮርንዋል ዳቦ ቤት አለ፣ ሊጡም በላርድ ሊሆን አይችልም። ድንች ጥብስ ግን ሳትጠይቂ አትግዢ፤ በበሬ ስብ የሚጠብሱ አሉ። በተለይ ሰሜን ዮርክሻየር ስትሄዱ ይህ የተለመደ ወግ ነው፤ እዚያ የሚኮሩበት ነው።

ሰሜኑን ከጠቀስኩ አይቀር፣ ለሌላ ጊዜ ሲመጡ በፌብሩዋሪ ቢሆን እላለሁ። በዌክፊልድ፣ በሞርሊና በሮዝዌል መካከል ሩባርብ በጨለማ ቤት ያበቅላሉ፤ ብርሃን ካየ ስለሚመር ሠራተኞች የሚያጭዱት በሻማ ነው፣ ዝም ብላችሁ ከቆማችሁ እምቡጡ ሲፈነዳ ይሰማል። በሆውስ ከተማ የዌንስሊዴል ቺዝን ከፍራፍሬ ኬክ ጋር፣ በግራስሚር ደግሞ ከ1854 ጀምሮ የሚሸጠውን የዝንጅብል ዳቦ ትበላላችሁ።

ለአሁኑ ግን የእሁዱን ምሳ ጠረጴዛ ከወዲሁ በስልክ ያዢ፤ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ጥሩ ነው። ስትደውዪ እንዲህ በያቸው፦ ሦስት ሰዎች ነን፣ አሳማም የአሳማ ስብም አንበላም፤ ድንቹን የምትጠብሱት በምንድነው? መረቁስ የበሬ ነው ወይስ የተቀላቀለ? ስልኩን ያነሣው ሰው ወጥ ቤቱን ጠይቆ ይመልስልሻል፤ ከጠረጴዛው ስምሽ ጎን እንዲጽፍልሽም አድርጊ።